አፈ ጉባኤዋ ያለምወርቅ

ያለምወርቅ ጨዋታ ትወዳለች። አዲስ ቅዳም ከተማ መውጫ ላይ የግራር ችግኝ ስትሸጥ፣ ገበሬው ገዝቶ ጋሪው ላይ ከጫነ በኋላ እንኳ ቆሞ ያዳምጣታል። አገውኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከሰል ነጋዴው፣ ስለ መንገዱ ታወጋዋለች። ባሏ ክንዴ፣ "የምትሸጪው ችግኝ ነው ወሬ?" እያለ ይስቅባታል።

ለወረዳ ምክር ቤት ያስመረጣትም ይኸው አፏ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ የገበያው ጭቃ ጋሪውን ከነበቅሎው እንዴት እንደሚውጥ ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ወር ሳይሞላ መንገዱ ጠጠር ለበሰ። ምክር ቤት ከገባች በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች ለአፈ ጉባኤነት ተፎካክረው አንዱም አልለቅም ሲል፣ አባላቱ ተሰላቹና "ያለምወርቅ ትሁን" አሉ። እጅ ወጣ፤ ተመረጠች።

"እንግዲህ የሚያስቆምሽ የለም" አላት ክንዴ።

እውነቱን ነበር። የመጀመሪያውን ጉባኤ ስትመራ ሪፖርት በቀረበ ቁጥር አስተያየት ሰጠች፤ አስተያየቷን አብራራች፤ ማብራሪያዋን በምሳሌ ደገፈች። የምሳ ሰዓት አለፈ። የተራቡት ተመራጮች ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። ሲበተኑ አያ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተመራጭ በር ላይ ጠበቋት።

"እቴ ያለምወርቅ፣ እጄን አላየሽውም?"

"የትኛውን እጅ፣ አያ አድማሴ?"

"ከጠዋት ጀምሮ አንስቼ ነበር። ቀኙ ሲደክመኝ በግራው ቀየርሁ።"

ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። ያለምወርቅ ግን ፊቷ ጋለ። ይቅርታ ጠየቀቻቸውና በባጃጅ ወደ ቤቷ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ለባጃጁ ሾፌር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ክንዴ ችግኝ ሲያጠጣ አገኘችውና የሆነውን ነገረችው።

"አፈ ጉባኤ ሲሉኝ መናገር መስሎኝ" አለች።

"አፍማ ሁሉም አለው፣ ያለሜ። አንቺን እዚያ ያስቀመጡሽ ተራ እንድትሰጪ ነው።"

በሚቀጥለው ጉባኤ ገና እንደተቀመጠች "መጀመሪያ አያ አድማሴ ይናገሩ" አለች።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉና በአገውኛ ጀመሩ። እናታቸው በእጅ ወፍጮ ከሚፈጩበት ዘመን ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ዛሬ መጡ። ባለፈው ክረምት መብረቅ የቀበሌያቸውን ትራንስፎርመር አቃጥሎታል፤ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ከተማ ድረስ ይመላለሳሉ። ንግግሩ ረዘመ። አንዱ ተመራጭ "ያሳጥሩ እንጂ" ብሎ ሲያጉረመርም ያለምወርቅ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። እሷም መሃል ገብታ ብዙ ልትጨምር ምላሷን በልቷት ነበር፤ ቻለችው። አያ አድማሴ ጨርሰው ሲቀመጡ ግንባራቸውን ጠረጉ።

ለመብራት ጉዳይ የመጣው ኃላፊ ተነሣ። "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።"

"መቼ ይመጣል?" አለች ያለምወርቅ።

ስለ በጀቱ፣ ስለ መጓጓዣው፣ ስለ አሠራሩ አስረዳ።

"ገባኝ። መቼ?"

"ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት..."

"መቼ?"

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ኃላፊው ራሱ ፈገግ አለና ስልኩን አወጣ። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ ስላልነበረ አለቃውን ለመጠየቅ ወደ ውጭ ወጣ። ጉባኤው በሙሉ ጠበቀው። በመስኮት ሲያዩት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ እጁን ያወናጭፋል።

"ከገና በፊት" አለ ሲመለስ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን" አለችና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈች።

ትራንስፎርመሩ የገና በዓል ሳይደርስ መጣ። የጫነው መኪና መግቢያው ላይ በጭቃ ቢያዝም የቀበሌው ወንድ በሙሉ ወጥቶ ገፋው። ወፍጮው ሲነሣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አያ አድማሴም ጢማቸው ዱቄት እስኪመስል ድረስ ከውስጥ አልወጣም አሉ።

በዓመቱ ያለምወርቅን ለዞን ምክር ቤት የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ወደ ዞኑ ከተማ እንጅባራ ጠሯት። ችግኟን ጥላ መሄዱ ጨነቃት። "እኔ አጠጣዋለሁ፤ ገዢ ሲመጣ ግን ጨዋታ አልችልም" አላት ክንዴ።

በሄደችበት ቀን አያ አድማሴ መናኸሪያ ድረስ ድንች በጆንያ ተሸክመው መጡ። "አያ አድማሴ፣ ሥራ ልጀምር እኮ ነው የምሄደው" ብትላቸው "ሥራ የሚጀምር ሰው አይበላም?" አሉና ሚኒባሱ ላይ አስጫኑት።

እንጅባራ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ጆንያውን አየና "ምንድን ነው?" አላት።

"ድንች።"

"ለማን?"

ለማን እንደሆነ አላሰበችበትም ነበር። "ምሳ በልተሃል?" አለችው። በዚያ ቀን አዲሶቹ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ጥበቃውም ጭምር፣ ክበቡ ውስጥ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበሉ ተዋወቋት።