የአባባል ወዳዱ ኑዛዜ

ማቲኒዩስ አባባል ይወድ ነበር። የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በጥንት ሰዎች አባባል አስጽፎ ሞልቶታል፤ እንግዳ እየበላ ያነባል፣ ማንበብ የማይችል እየሰማ ይውላል። ባሪያ ሲያስገርፍ እንኳ አለንጋው ከመውረዱ በፊት ለነገሩ የሚስማማ አባባል ይፈልጋል፤ ቶሎ ካልመጣለት ተገራፊው ጀርባውን ገልጦ ይጠብቃል። በሮማ ግዛት ያለችው የካፑዋ ከተማ ሰው ጨዋታ አዋቂ ይለዋል። ጨዋታውን በጀርባው ያልቀመሰ ሁሉ እንዲህ ይል ነበር።

በሰባ ዓመቱ ሆዱ አብጦ አልጋ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ወጥ ሠሪዋ ፌሊኩላ እርጉዝ ነበረች። የልጇን አባት፣ በቅሎ ነጂውን፣ ማቲኒዩስ በጸደይ ለሩቅ ሰው ሸጦታል። ፌሊኩላ ለባሏ አልቅሳ ጨርሳለች፤ አሁን ጭንቋ ሌላ ነው። እናቲቱ ነፃ ሆና ከወለደች ልጁ ነፃ ሰው ነው። ባሪያ ሆና ከወለደች ደግሞ ልጁም እንደ እሷ የጌታው ንብረት ነው።

ማቲኒዩስ ታሞ በሳምንቱ ስድስቱን ባሪያዎቹን አልጋው ሥር ሰብስቦ ኑዛዜውን እንደ ጨረሰ፣ የስድስቱንም ስም ለነፃነት እንዳስጻፈ ነገራቸው። ሁሉም ተንበርክከው እግሩን ሳሙ። ከዚያ ፈገግ አለና ሕጉን አስታወሳቸው፤ ስድስት ባሪያ ያለው ሰው በኑዛዜ ነፃ ማውጣት የሚችለው ሦስቱን ብቻ ነው፤ የሚወጡት ስማቸው ቀድሞ የተጻፈው ናቸው፤ የቀሩት ይቀራሉ። ማን እንደ ቀደመ ግን አልነገራቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሲኦል ሆነ። አንዱ ሲያጥበው ሌላው ያደርቀዋል፤ አንዱ ትራሱን ካስተካከለ ሌላው ያንኑ ትራስ መልሶ ያስተካክላል። እንደ ወንድም ይተያዩ የነበሩ ሰዎች የእብጠቱን ማሰሪያ ጨርቅ ለመለወጥ ተገፋፉ። ፌሊኩላ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ሲያስመልሰው በእጇ ትቀበላለች። እንዲሞት ትመኝ ነበር። እያጎረሰችው ትመኛለች፣ አፉን እየጠረገች ትመኛለች።

አንድ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ አላስቻላትም።

«ጌታዬ፣ ስሜ ስንተኛ ላይ ነው?»

«ሆድሽ ስንት ወሩ ነው?» አላት።

«ስምንት አልፎታል።»

«እንግዲህ ከሁለታችን ማን ይቀድም ይሆን? የጥንት ሰዎች ‹ቀስ ብለህ ፍጠን› ይላሉ። እኔም ቀስ እያልኩ እየፈጠንኩልሽ ነው። ሾርባው ጨው ጎድሎታል።»

ጨው ጨመረችለት።

የፌሊኩላ ሆድ ዘጠነኛ ወሩን ሊጨርስ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ማቲኒዩስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፌሊኩላ ሆዷን ዳሰሰች፤ ልጁ ገና አልተወለደም። ሞቱ ቀድሞላታል። ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን በመጋረጃ ሸፍና ሳቀች፤ ከውጭ የሰማት ለቅሶ መሰለው።

ወራሹ የወንድሙ ልጅ ኳርቱስ ኑዛዜው ሲጻፍ ከነበረው ሕግ አዋቂ ጋር መጣ፤ ማኅተሙ ተሰበረ። ሕግ አዋቂው በሰም የተቀባውን ሰሌዳ አየና ለሁሉም አዙሮ አሳያቸው። ስድስቱ ስሞች በክብ ተጽፈዋል፤ መጀመሪያ የላቸውም፣ መጨረሻም የላቸውም።

«በክብ ከተጻፈ ማን እንደ ቀደመ አይታወቅም» አለ ሕግ አዋቂው። «ካልታወቀ ደግሞ በሕጉ አንድም ሰው ነፃ አይወጣም።»

«ሳያውቅ ነው» አለች ፌሊኩላ። «ጌታዬ ይህን ሳያውቅ ነው የጻፈው።»

«ነግሬዋለሁ እኮ፣ እቴ። ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሳቀና ክቡን ራሱ ጻፈው። መሐሉ ላይም ቃል አስቀምጧል፤ ‹ባሪያህን ተስፋ ስጠው፤ አልጋህን ያለሰልስልሃል።›»

ኳርቱስ እስኪያንቀው ሳቀ። አጎቱ ሞቶም ጨዋታው አላለቀም። ከዚያ የቀብሩን ነገር አሰበ። በኑዛዜ ነፃ የወጣ ባሪያ ራሱን ተላጭቶ፣ የነፃነት ቆብ አድርጎ በሬሳው ፊት ይሄዳል፤ ቆብ የሌለበት ቀብር የስስታም ቀብር ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ሦስቱን ነፃ የወጡ አስመስሎ አስላጫቸው፣ ቆብም አስደረጋቸው። ፌሊኩላን ከፊት አስቀደማት፤ ሆዷ የሰው እንባ ያመጣል ብሎ። አንዲት ቃል ከተናገሩ ድንጋይ ሊፈልጡ ወደ ካባ እንደሚወርዱም በለሆሳስ ነገራቸው።

ከተማው በመንገዱ ግራና ቀኝ ወጥቶ ነበር። ሴቶች እየሮጡ መጥተው ፌሊኩላን ሳሟት፤ አንዷ ሆዷን ዳብሳ «አንተስ ታድለሃል» አለችው። ሌሎቹ የሟቹን ደግነት እያነሱ አለቀሱ። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይነገርም። ፌሊኩላ ለሁሉም አንገቷን ዝቅ እያደረገች አለፈች። ምጡ መንገድ ላይ ጀመራት፤ ጥርሷን ነክሳ እስከ መቃብሩ ሄደች። ሬሳው የሚቃጠልበት እሳት ነድዶ ሰዉ ሲበተን የኳርቱስ ሎሌ ቆቦቹን ሰበሰበ። የተላጨ ራሷን ነፋስ መታው።

ቤት ስትደርስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወለደች። አዋላጇ ጎረቤት ናት፤ የቀብሩን ሰልፍ በሯ ላይ ቆማ አይታለች፣ ሌላውን አልሰማችም። ልጁን አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እናቱ ደረት አቀረበችው።

«ወንድ ነው። ነፃ ሰው ወለድሽ፣ እህቴ! በይ ታቀፊው።»

ፌሊኩላ እጇን አልዘረጋችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የኳርቱስ ንብረት ነው» አለች። «ወስደሽ አሳዪው።»