ከነማስታወሻዬ

...ያንን የበሽተኛ አያያዝ መጽሐፍ ብትልኪልኝ ምን ይቀንስብሻል አለችኝ እህቴ፣ አዎ፣ ምንም አይቀንስብኝም፣ የወረቀት ቢሆን ጠፋ፣ ሰው ወሰደው፣ ውሃ ፈሰሰበት እል ነበር፣ ስልክ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ምን ይፈስበታል፣ አንዴ ጫን፣ ሄደ፣ እኔም ጋ አለ እሷም ጋ አለ፣ ታዲያ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ታናሽ እህቴን፣ ለዚያውም አባዬን ቤቷ አስተኝታ የምታስታምመውን፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ እንኳን የማታውቀውን።

ቀጣይ! ማዘዣውን ይስጡኝ እማማ፣ ይሄ ከምግብ በኋላ ነው፣ በኋላ፣ አዎ። እጄ መድኃኒት ይቆጥራል፣ ልቤ ስልኩ ጋ ነው።

ለሰው ማካፈል ሕግ ይከለክላል ልበላት? ደራሲው ለፍቶበታል ልበላት? ውይ ሕግ አክባሪዋ እኔ፣ ትናንት ፊልም ከጓደኛዬ የገለበጥኩት! አዲስ እንዳልገዛላት ሻጩ ድርጅት ከተዘጋ ከረመ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የደራሲው ነገር አላስጨነቀኝም፣ ያስጨነቀኝ ዳር ዳሩን የሞነጫጨርኩት ነው፣ እማዬን ሁለት ዓመት ሳስታምም እንዳመጣልኝ የጻፍኩት፣ መጽሐፉ ሲላክ አብሮ የሚሄደው።

ምሳ ሰዓት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አጠፋለሁ። «ዛሬ ሦስቴ አንሶላ ቀየርኩ»፣ ይጥፋ። «እህቴ ስልክ አታነሳም፣ እሷን ይድላት»፣ ይጥፋ፣ ይጥፋ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ ስለ ጀርባ ቁስል፣ ከጎኑ የእኔ፣ «ምናለ ዛሬ እማዬ ብትሞትና ብተኛ»።

ይህን በጻፍኩ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን አለኝ፣ እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር አለችኝ፣ እኔም ምርቃቱን ሁሉ አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ይህንን ታንብብ? ሞቼ እገኛለሁ!

ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት፣ ጽፋለች፣ ተዪው በቃ ካልሆነልሽ፣ ዛሬ አባዬ ላይ ጮህኩበት፣ ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት፣ ዝም ብሎ አየኝ፣ እኔ እንዳንቺ አይደለሁም፣ ክፉ ሰው ነኝ መሰለኝ።

እንዳንቺ። እንዳንቺ ትላለች ደግሞ!

የቀረውን አላጠፋም፣ ጫንኩት፣ ሄደ፣ ወይኔ ሄደ፣ ከሥሩ እጽፋለሁ፣ መጀመሪያ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን አንብቢ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሩ ይንኳኳል፣ ሰልፉ በዛ ይሉኛል፣ መጣሁ እላለሁ፣ አልነሳም፣ ከፍታዋለች፣ እያነበበች ነው፣ ትጠላኛለች፣ ትጥላኝ፣ ደወለች፣ አነሳሁት፣ ታለቅሳለች፣ አቤት፣ አቤት የኔ እናት፣ አለሁ።