የወንዙ ዳር ችካል

እኔና የአክስቴ ልጅ ያደግነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፤ ብርድ ልብሱም ቀድሞ ለጎተተ። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወሰደችኝ፣ በቃ፣ ከዛ በኋላ ማንም ቢጠይቃት "ሁለት ወንዶች አሉኝ" ነው የምትለው። የትኛው የሆዷ እንደሆነ ጎረቤት ራሱ ይረሳዋል።

ሥራችንም አንድ ነው። የደን ፓርኩ ውስጥ የእግር መንገድ እናወጣለን። ሰው ኮረብታ ልውጣ፣ ሸለቆ ልይ ብሎ ይመጣል፤ እንዳይጠፋ ዛፍ ላይ ቢጫ ቀለም እንቀባለታለን፣ ዛፍ በሌለበት ደግሞ አናቱ ቢጫ የሆነ ችካል እንተክላለን። እኔን ባልዲውን ስለምሸከም "ቀለሜ" ይሉኛል፤ በትምህርቱማ እንደዛ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። እሱ "ፍየሉ" ነው። ዳገት ላይ አንዴ ካየኸው ለምን ብለህ አትጠይቅም።

አሠራራችንን ልንገርህ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዳችን ከፊት ሆኖ ምልክት ያደርጋል። ሌላው ቆየት ብሎ፣ አገሩን እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ይከተላል። ምልክት ሲያይ "አየሁ!" ብሎ ይጮሃል። ድምፅ ከጠፋ የፊተኛው ተመልሶ ያስተካክላል። አለቃችን፣ ስትቆጣ ድምጿን የምትቀንስ ሴትዮ ናት፣ ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም። አንደኛ፣ መንገድ ስትሞክር የምታስታውሰውን ተወው፣ ምልክቱ ወደሚልህ ሂድ። ሁለተኛ፣ መንገድ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ሌላ ምልክት ካላየህ ወዲያው ተመለስ።

የወንዙን መንገድ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከኮረብታው ወርዶ፣ ሸለቆውን ይዞ፣ በድንጋይ ተሻግሮ ፏፏቴው ጋ የሚያደርስ መንገድ። ስታየው አለቃ ራሷ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ቆመች። ከዛ እንዲህ አለች፦ "ቋሚ የመንገድ መሪ እቀጥራለሁ። ቦታው አንድ ነው። ቀለሜ፣ መንገዱ ያንተ ስለሆነ የሙከራውን ጉዞ አንተ ትመራለህ። ሰዎቹን በሰላም ካደረስክ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ ፍየሉ አለ።"

ሁለታችንም የቀን ሠራተኞች ነን፣ ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም። ስለዚህ ይህን ስትል ፍየሉን ቀና ብዬ አላየሁትም፣ አፈርኩ። እሱ ነው ትከሻዬን መታ ያደረገኝ።

"ምነው አንገትህን ደፋህ? ያንተ አይደል እንዴ? እኔ ካንተ ጋር ልጣላ ነው?"

እንባዬ መጣ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከሙከራው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት ወንዙ ዳር መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ ችካል ቀርቶን ነበር። ዛፍ የለም፣ እርጥብ አሸዋ ብቻ። ግራው ወደ ፏፏቴው ነው። ቀኙ የሚዳቋ መንገድ ነው፣ ያታልልሃል እንጂ መጨረሻው ገደል ነው።

"አንተ ሂድና እረፍ፣ ችካሏን እኔ እተክላታለሁ" አለኝ። ከዛ እግሬን አየ። "በዚህ ጫማ ነው ነገ እንግዳ ፊት የምትቆመው?"

ጫማዬ ተረከዙ ተላቆ በሽቦ ሰፍቼዋለሁ። አሸዋ ላይ ስረግጥ ልክ እንደ ዶሮ እግር ያትማል። ሠራተኛው ሁሉ ዱካዬን ባየ ቁጥር "ዶሮዋ አልፋለች" እያለ ይስቅብኛል። ፍየሉ አዲሱን ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ፣ የኔን ቡትቶ ጫማ አጠለቀ።

"ነገ ያንተ ቀን ነው ወንድሜ" አለኝ።

ጠዋት ስድስት እንግዶች መጡ። አንዱ ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ወፈር ያሉ እመቤት፣ ሳቂታ፣ ባላቸውን "አንቺ ኤሊ" እያሉ የሚጠሩ። አለቃ ልትፈትነኝ ከኋላ ናት። ፍየሉ ፏፏቴው ጋ ውሃ ይዞ ይጠብቀናል። ኮረብታውን ወረድን፣ ደኑን ጨረስን፣ ምልክት ባየን ቁጥር ሁሉም ባንድ ላይ "አየሁ!" ይላሉ፣ እንደ ሕፃን። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም።

ወንዙ ዳር ደረስን። ችካሏ በቀኝ ቆማለች።

ቆምኩ። ሆዴ ግራ ነው ይላል። አለቃ ከኋላ፣ "ምልክቱ ምን ይላል?" አለች።

"ቀኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ፍየሉ ያለ ምክንያት አይቀይርም። ግራው ተንዶ ይሆናል፣ ወይ ውሃ ገብቶበት። ቀኙን ጠርጎ አንድ መውጫ አግኝቶ ይሆናል። ሄድኩ። ሁለተኛ ምልክት አጣሁ። እዚህ ላይ መመለስ ነበረብኝ! ሕጉን ከነቁጣው አውቀዋለሁ። ግን የተከለው ሌላ ሰው ቢሆን ነው የምመለሰው። ፍየሉ ነዋ የተከለው። ከጥምዝምዙ በኋላ ይኖራል አልኩ። ከዛኛው ጥምዝምዝ በኋላም እንደዛው አልኩ።

ከዛ ገደል።

እመቤቲቱ ጠርዙን ያዩት እግራቸው ካንሸራተታቸው በኋላ ነው። ባልየው በቦርሳቸው ማንጠልጠያ ያዟቸው። ጉልበታቸው ተላጠ፣ ፊታቸው ነጣ፣ ሳቁ ጠፋ። ሐኪሙ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሲያዩ አለቃ ወደኔ ዞረች።

"ሁለተኛ ምልክት አይተሃል?" ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል።

"አላየሁም።"

ፊቷን አዙራ ወደ እመቤቲቱ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

እመቤቲቱን ደግፈን ስንመለስ ፍየሉ ወንዙ ዳር ቆሟል። ያልበዋል።

"ቀለሜ! ምን ነክቶህ ነው? ስትዘገዩ ጊዜ ልፈልጋችሁ መጣሁ። በግራ ነው እኮ! ይኸው ችካሉ!"

ችካሉ በግራ ቆሟል።

እንግዶቹ ችካሉን አዩ፣ ከዛ እኔን አዩ። ባልየው "እኔ ግን በቀኝ ያየሁ መስሎኝ…" ብለው ጀመሩና ተዉት፣ ሚስታቸው ሊወድቁባቸው የነበሩ ሰው ስለ ችካል አይከራከሩም። አለቃ እንዲህ አለች፦ "የትም ይቁም፣ ሁለተኛ ምልክት ሳያይ የቀጠለ አይመራም። ፍየሉ፣ ከዚህ አንተ ምራ።"

መሬት አየሁ፣ ሌላ ማየት ስላፈርኩ። በቀኝ በኩል አሸዋው ላይ ችካል ተነቅሎበት የተደፈነ ጉድጓድ አለ፣ አፈሩ ገና እርጥብ፣ በተረከዝ የተጠቀጠቀ። ላዩ ላይ የዶሮ እግር አለ። ዶሮዋ ጠዋት ያለፍንበትን የሁላችንንም ዱካ ከላይ ረግጣ ነው ያለፈችው።

እና እግሬን አየሁ። አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ።

መቼም ደም ወደ ጭንቅላት ይወጣል ይባላል፣ የኔ ግን ወደ ታች ነው የሄደው። ማታ ፍራሹ ላይ "ተኛ፣ ነገ ትደክማለህ" ያለኝ ትዝ አለኝ። ብርድ ልብሱን ለኔ ትቶልኝ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ፍየሉ ወዴት እንደማይ አየ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ "እማማን አስብ" አለኝ። "አሳዳጊህን አስብ። አንተ ሌላ መንገድ ታገኛለህ፣ እኔ ምን አለኝ?"

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

"ጫማዬን ስጠኝ።"

"ምን?"

"ጫማዬን። ያንተን ውሰድ።"

"እቤት እንቀያየር የለ እንዴ? ሰው እየጠበቀ…"

"አሁን!"

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አዲሱን ጫማ ፈታሁና ፊቱ አስቀመጥኩለት። በባዶ እግሬ ቆሜ ጠበቅኩ።  እሱ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ፤ ጥፍሩ ውስጥ ሁሉ እርጥብ አሸዋ። አንዷን አውልቆ ሲሰጠኝ አለቃ ከመሃል ተቀበለችው። ገለበጠችው። ሽቦውን በጣቷ ነካችው። ከዛ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዳ ጎንበስ አለች።

ሽቦውን አሸዋው ላይ ካለው የዶሮ እግር ጋር አስተያየች። ቀና ስትል ጫማውን ለኔ ሰጠችኝና፣ "ቀለሜ፣ ምራ" አለች። ፍየሉን ግን አላየችውም። "አንተ ነገ እንዳትመጣ።"

መራሁ። በግራ፣ በድንጋዩ ተሻግረን። ፏፏቴው ጋ እስክንደርስ "አየሁ!" ያለ ሰው የለም። ፍየሉ ከመጨረሻ ይከተለን ነበር፤ አንዴ ዞር ስል አዲሱን ጫማ በእጁ አንጠልጥሎታል፣ አላደረገውም።

ሥራውን አገኘሁ። ለአክስቴ ቀድሞ እሱ ነገራት፣ "በኔ ላይ አለቃዋ ፊት ቆመብኝ" ብሎ። ያ ቀን ካለፈ ወዲህ እራት ስታቀርብልኝ ሳህኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች። እሱ ጓደኛው ጋ ገብቷል፣ ብርድ ልብሱ ሙሉውን የኔ ሆኗል። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ልጅሽ እንዲህ አደረገኝ ማለት አቃተኝ።

አሁን እንግዳ ይዤ ስሄድ ወንዙ ዳር እንደደረስኩ ችካሏን ይዤ እነቀንቃታለሁ። የተከልኳት ራሴ ነኝ፣ ሲሚንቶ አፍስሼባታለሁ፣ ንቅንቅ አትልም። አውቃለሁ። ግን ሳልነቀንቃት ማለፍ አልቻልኩም።