ስሙን ማን አሉት

"ተሳስተዋል" አለ አድነው አበጋዝ፣ ስልኩን ለልጁ እየመለሰ። "እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም።"

አክሱማዊት ስልኩን አልተቀበለችውም። አባቷ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ኖርዌይ ውስጥ አመሩድ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መግባቱ ነበር፤ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

"ናይ፣ አልተሳሳቱም አባዬ፣ የዲኤንኤ ምርመራ እኮ ነው። ፌተርሽ ነው ይላል። የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ማለት ነው።"

ነገሩን የጀመረችው በስም ምክንያት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የሚማሩት ልጆች የቤተሰብ ስማቸው የቅድመ አያቶቻቸው እርሻ ስም ነው፤ ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ ካርታ ላይ ያሳያሉ። የእሷ "አበጋዝ" ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አይታው የማታውቀው የአባቷ አባት። ከእሱ ወዲያ ማን እንዳለ ለማወቅ ብላ ምራቋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ በፖስታ ላከች። መልሱ ሲመጣ ያገኘችው አያት ሳይሆን ሄንሪክ የሚባል የትሮንድሃይም ከተማ ወጣት ሆነ። በፈረንጆቹ 1991 ደሴ ተወልዶ፣ በጨቅላነቱ ለኖርዌጂያን ወላጆች በጉዲፈቻ የተሰጠ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "'አበጋዝ የእኔም ስም ነው ወይ?' ነው ያለኝ።"

አድነው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የአክሱማዊት እናት ሠናይት ለወላጆቿ አንድ ናት። እሱም ያለችው አንዲት እህት፣ ፋናዬ ብቻ ናት። ፋናዬ ሳታገባ ያረገዘች ጊዜ እሱ ሱዳን በስደት ላይ ነበር። "ሞቶ ተወለደ" ብለው አስነገሩት። እሱም ቁስሏን ላለመንካት ብሎ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

"ደውልላት" አለችው ልጁ።

ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ፋናዬ ደሴ ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ የገበያተኛ ድምፅ ይሰማል። አድነው የቤተሰቡን ደህንነት ጠይቆ ሳይጨርስ አላስችለው አለ።

"ፋናዬ፣ ያ ልጅሽ... አልሞተም አይደል?"

የሱቁ በር ሲዘጋ ተሰማ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ተመለከተ።

"ስሙን ማን አሉት?" አለች በመጨረሻ።

"ሄንሪክ።"

ልትጠራው ሞከረችና አቃታት። "እኔ አቤሴሎም ነበር የምለው፣ ጡት እያጠባሁት። አባቱ ሲክደኝ እማዬ ወስዳ ሰጠችው። ደህና ነው ወይ? አደገ?"

"አድጓል። አፈላልጎ ያገኘን እሱ ነው ማለት ይቻላል።"

ለቅሶዋን ልታፍን ስትታገል ትንፋሿ ይሰማዋል። "ወንድም ጋሼ፣ ባለቤቴ አያውቅም። ልጆቼም አያውቁም። ስልኬን እንዳትሰጠው፣ በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ።" ጥቂት ቆይታ ደግሞ "አቤሴሎም መባሉን ግን ንገረው" አለችና ዘጋች።

የስልኩ ድምፅ ማጉያ ስለተከፈተ አክሱማዊት ሁሉንም ሰምታለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት? እየጠበቀኝ ነው። ምርመራው ተሳስቷል ልበለው?"

አድነው ነገሩን አመዛዘነ። እንዲህ ቢባል ፋናዬ በሰላም ታድራለች። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው ምንም እንዳልሰማ ሆኖ መኖር አያቅተውም።

"ስለ እናቱ በጽሑፍ አይሆንም" አለ። "ስለ ስሙም፣ ስለ እሷም፣ የሚነገረውን ፊት ለፊት እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።"

ከዚያ የሥራ ፈረቃውን ለማስለወጥ ለአለቃው ደወለ፤ በኖርዌይኛ ተነጋገሩ።

"የቅዳሜውን ቫክቴን ለሌላ ሾፌር ስጥልኝ።"

"ምነው፣ ምን ገጠመህ?" አለ አለቃው።

አድነው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዳ አለብኝ። የእህቴ ልጅ ከትሮንድሃይም ይመጣል።"

አክሱማዊት ቀና ብላ አየችው። ሄንሪክ ገና አልተጠራም ነበር።