ባለ አርባ ሺው የፈረመው በራሪ ወረቀት

ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ክፍል ስልኩን ያነሳችው ሴት ክፉ አልነበረችም፤ የምትናገረው ግን ሁሉ ክፉ ነበር።

«የአባትሽን የዓይን ቀጠሮ ደብዳቤ በኢሜይል ልከንልሽ ነበር፣ እህቴ። ሳጥኑ ሞልቷል ብሎ መለሰብን። ሁለቴ ላክን፣ ሁለቴ ተመለሰ። በሦስት ቀን ውስጥ እመጣለሁ ያላለ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ይሰጣል።»

«አሁንስ ለመቼ ነው?»

«የዛሬ ዘጠኝ ወር።»

በአንድ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ የሆነችው ልጅ ስልኩን ዘግታ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፍተው፣ ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ሲስቅ፣ እሳቸውም ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ አብረው ስቀዋል። ዘጠኝ ወር መጠበቅ ማለት ሱቁን መዝጋት ማለት ነው። የሆስፒታሉን ቅጽ የሞላችው፣ የራሷን ኢሜይል የሰጠችውም እሷ ነበረች።

ሳጥኑን ከፈተች። «ውድ ወዳጃችን፣ ጀርባዎን ያመዎታል?» ፍራሽ። የፀጉር ማብቀያ። ሆድ የሚያጠፋ ቀበቶ። ደግሞ ፍራሽ። በአንድ ቀን ስልሳ አንድ፣ ሁሉም ከአንድ አድራሻ፣ ሁሉም በር የሚያህል ፎቶግራፍ አዝሎ። ከወራት በፊት «ከዝርዝራችን ለመውጣት እዚህ ይጫኑ» የሚለውን እውነት መስሏት ተጭናው ነበር፤ በማግስቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። ለካ መጫኗ «ቤት ውስጥ ሰው አለ!» ብሎ እንደ መጮህ ነበር። አድራሻውን በቃሏ ያዘችው። ላኪውን የት እንደምታገኘው ግን አታውቅም።

እሱ ራሱ ማክሰኞ ጠዋት በገዛ እግሩ መጣ።

የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ሁለት ስልክ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚገባ ሽቶ። የማተሚያ ቤቱን ባንኮኒ ተደግፎ አምስት ሺህ በራሪ ወረቀት አዘዘ። «ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን ለሕዝብ ማድረስ ሲፈልግ ወደኔ ነው የሚመጣው» አለ። «አርባ ሺህ ሰው በእጄ ነው። አንዴ ስጫን አርባ ሺህ ቤት እገባለሁ!»

«ሳያንኳኩ?» አሉ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ፣ ቀለም የነካ እጃቸውን እየጠረጉ።

«ማንኳኳት ድሮ ቀረ፣ አባባ!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በማተሚያ ቤቱ ስሙ ባለ አርባ ሺው ሆነ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። የትእዛዝ ቅጹ ላይ የጻፈውን ኢሜይል እያየች ነበር። ከፊደል እስከ ነጥብ ያው ነው።

«ይህ አድራሻ የእርስዎ ነው?»

«የኔው ነው። ደርሶሽ ያውቃል እንዴ?» በኩራት ነው የጠየቃት።

«አልፎ አልፎ» አለች።

ከኢሜይሉ በታች፣ ለትእዛዝ ክትትል ተብሎ በተተወው መስመር ላይ፣ የእጅ ስልኩን ቁጥር ጽፎ ነበር።

የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ ከኋላቸው ወይዘሮ ፊርማ ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ የሟች ፎቶግራፍ ተዘቅዝቆ ታትሞ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ደጃቸው ላይ ተሰልፎ ከሰደባቸው ወዲህ አንድ ሕግ አወጡ። ደንበኛ ናሙናውን ሳያነብ ማሽን አይነሳም። ሠራተኛ «ያንብቡት» ብላ ሦስቴ ትናገራለች፤ ደንበኛው ከወረቀቱ ጀርባ «አንብቤዋለሁ፣ ይታተም» ብሎ ይፈርማል።

ገጽ አቀናባሪዋ ናሙናውን ከሰዓት በኋላ አደረሰች። የሰውየውን ጽሑፍ ሳታጎድል ከላይ አሰፈረችው። ከታች ግን፣ ከርቀት በሚነበብ ወፍራም ፊደል፣ ይህን ጨመረች፦ «ኢሜይላችን ያሰለቸዎት ሁሉ ይደውሉ። ባለቤቱ ራሱ ያነሳል። የመጣልዎትን ይናገሩት።» ከሥሩ የእጅ ስልኩን ቁጥር።

ባለ አርባ ሺው አንዱን ስልክ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን እጁ ላይ አድርጎ መጣ።

«ያንብቡት» አለች።

«ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው። የት ልፈርም?»

«መጀመሪያ ያንብቡት።»

«የኔ እህት፣ ማን ያነባል ብለሽ ነው? ዋናው መድረሱ ነው!»

ለሦስተኛ ጊዜ፣ ጋሼም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እባክዎ ያንብቡት» አለች። ወረቀቱን ገልብጦ የታዘዘውን ጻፈ፤ ፈረመ፤ ቀኑን እንኳን አልሳተም። ጋሼ ማሽኑን ሲያስነሱ የወፍራሙን ፊደል መስመር አነበቡ። ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወረቀት ጨመሩ። የሳቸውም ሳጥን በፍራሽ የተሞላ ነበር።

ወረቀቱ በገበያውም፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውም ተበተነ። በሦስተኛው ቀን ባለ አርባ ሺው እሳት ጎርሶ ገባ። ሽቶው ጠፍቷል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል፤ ያጠፋዋል፤ መልሶ ይጮሃል።

«ምንድነው የሠራችሁኝ? አንዷ አዋላጅ ናት፤ በተረኛነቷ መካከል እየደወለች የላክሁላትን ማስታወቂያ ከአንድ እስከ መጨረሻው ታነብልኛለች! አንዱ ጡረተኛ ፀጉሬ አልበቀለም ብሎ በቀን አሥር ጊዜ ይረግመኛል! ቁጥሩን እንዳልቀይር ነጋዴው ሁሉ የሚያውቀኝ በዚሁ ነው!»

ወይዘሮ ፊርማ መሳቢያቸውን ስበው ናሙናውን አወጡና ጀርባውን አሳዩት። «አንብቤዋለሁ ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ግን...»

«ግን የሚባል ነገር ቤቴ የለም።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። ዓይናቸው «አውቄ አይደለም በይ» ይላል። «መቼም ስህተት ነው፣ አይደለም ልጄ? የሌላ ደንበኛ ጽሑፍ ተቀላቅሎብሽ?»

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሥራዋን ይዛ ትቀር ነበር። ግን ሰውየው ስህተት ነው ብሎ ከሄደ፣ የደረሰበትን ሁሉ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ቆጥሮ ይረሳዋል። ማን እንደመታው ያላወቀ ሰው ተመታ አይባልም።

«ስህተት አይደለም» አለች። «አውቄ ነው ያደረግሁት። ሳጥኔን በቆሻሻህ ሞልተህ የአባቴን የዓይን ቀጠሮ አሳልፈህብኛል። ዘጠኝ ወር በጨለማ ሊቀመጡ ነው።»

ባለ አርባ ሺው አፉን ከፈተ። «የትኛው አባት? እኔ ማን እንደሚደርሰው በምን አውቃለሁ?»

«አሁን አንዱን አወቅህ።»

ስልኩ ጮኸ። ሊያጠፋው ሲል ጣቱ ስቶ ከፈተው፤ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «አንተ ነህ ባለ ቀበቶው? ቁጭ በልና ስማኝ!» ሰውየው ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ይዞ ሮጦ ወጣ። የጋሼ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የልጅቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወይዘሮ ፊርማ ግን አልሳቁም። «እሱስ የእጁን አገኘ። ካሁን ወዲያ ግን አንቺ ያቀናበርሽውን ገጽ ደንበኛ እንዴት አምኖ ይፈርማል?» ናሙናውን ወደ መሳቢያው መለሱ። «የወሩን ደሞዝሽን ውሰጂና ሂጂ።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለች። አልለመነችም። አንድ የተረፈ በራሪ ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

አባቷ ከስፌት ማሽናቸው ፊት ተቀምጠው አንድ ሱሪ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከሥራ መባረሯንም አልደበቀችም። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት።

«ቀጠሮዬን መለሰልኝ?»

«አልመለሰም፣ አባዬ።»

«አንቺም ሥራሽን አጣሽ።»

«አጣሁ።»

«እብድ!» አሉ። ሱሪውን አስቀመጡ፤ መርፌውን በዳበሳ ትራሱ ላይ ሰኩ። «ወረቀቱን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ወደ ድምጿ ዘረጉላት። «ቁጥሩ ለኔ አይታየኝም። አንቺ ምቺልኝና ስጪኝ።»

መታችው። ሲጠራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀርባቸውንም ቀጥ አደረጉ።