የሰፈሩ ፍላሽና የፌርሚን ድምፅ

ኤኔይዳ አንድ ነገር ሳይገባት ካለፈ እህል የማይወርድላት ሴት ናት። ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ስትቀይስ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ዛሬም ካይባሪየን በምትባለው ከተማዋ ውስጥ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ መጀመሪያ የሚንኳኳው የሷ በር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ኦስማኒ ኮምፒውተሯን ሊያስተካክል የመጣ ጠዋት፣ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና በጥያቄ ታደርቀው ጀመር። ምስኪን፣ ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም።

ኮምፒውተሩ እንደ ሰፈሩ ኮምፒውተሮች ሁሉ የተለቃቀመ ነው፤ ሳጥኑ ከአንዱ፣ ስክሪኑ ከሌላው። ውስጡ ያለው ዲስክ ግን ለሷ ከቤቱ ጣሪያ ይበልጥባታል፤ የባሏ ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ፌርሚን ዕድሜውን ሙሉ የኤኔይዳ ዘንግ ያዥ ነበር። እሷ ከመሣሪያዋ ኋላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ እሱ ከሸንኮራ አገዳው ማዶ ዘንጉን አቁሞ የለካውን ይጮህላታል። መጻፍ ስለሚሰለቸው ቁጥሩን ሁሉ ደረት ኪሱ ውስጥ በሚይዛት ትንሽ መቅረጫ ይቀርጽ ነበር። በቁጥሩ መሃል አንዳንዴ ስለ ትንኙ ይነጫነጫል፣ አንዳንዴ ለሚስቱ ነገር ይወረውራል። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቅጂ ትቷል፤ ሁሉም እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ።

ሌላ ቦታ ገልብጪው ያላት ሰው አልጠፋም። በምን ላይ ትገልብጠው? እዚያ ሰፈር ፍላሽ እጅ ላይ አያድርም። የሳምንቱ ድራማና ቤዝቦል ከቤት ቤት የሚደርሰው በፍላሽ ስለሆነ፣ አንዴ ከደጅ የወጣ ፍላሽ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። «የኔ ነው፣ አልሰጥም» ያለ ሰው ደግሞ ስስታም የሚል ስም ይወጣለትና እስኪሞት ይነሳበታል።

ኦስማኒ የድሮውን ሲስተም ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቫይረስ በልቶት አንዷን ፋይል ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መጣል አለበት፤ ችግሩ ዲስኩ አንድ ወጥ መሆኑ ነው፣ ሲስተሙም የፌርሚን ድምፅም እዚያው ተደባልቀው ተቀምጠዋል። እንግዲህ ያሰበውን ነገራት። መጀመሪያ ያለውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ከኋላ ባዶ የሚቀረውን ለብቻው ክፍል ያደርገዋል፤ ድምፆቹን ወደዚያ ያዛውራል፤ ከዚያ የፊቱን አጥፍቶ አዲሱን ሲስተም ይጭንበታል።

«ድንበሩስ የት ነው የሚጻፈው?» አለችው ኤኔይዳ።

ኦስማኒ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ እንዳለች፣ የትኛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ እዚያ እንደሚጻፍ ነገራት። ከሰሌዳዋ ጎን ደግሞ ማስነሻው አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ምንም ስለማያውቅ መጀመሪያ እሱን ያነባል፣ ማስነሻውም ሲስተሙ ያለበትን ይጠቁመዋል።

«ዘበኛ ነው በለኛ» አለች።

«ዘበኛ ነው፣ እትዬ ኤኔይዳ። ዘበኛው ከሌለ ቤቱ ሙሉ ሆኖም ማንም አይገባም።»

ይህ ነገር በጣም ጣማት። መሬት ስትቀይስ የኖረች ሴት፣ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ስኒ የማይበልጥ ብረት ውስጥ ድንበርና መዝገብ መኖሩን ስትሰማ ልጅ ሆነች። ስንት ክፍል ይወጣዋል፣ ድንበሩ ቢገፋ ጎረቤቱ ይጎዳል ወይ፣ ሰሌዳዋ ብትጠፋ መሬቱም ይጠፋል ወይ እያለች ጠየቀችው። ኦስማኒ ለመጨረሻው ብቻ ቆም ብሎ መለሰላት፤ መሬቱ እንዳለ አለ፣ የቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ነው የሚጠፋው።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። መብራት በፈረቃ ነው፤ የነሱ መንገድ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ድንበር ሲገፋ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ኦስማኒ ሊነግራት አልፈለገም፣ እሷም ከፊቱ አነበበችው። ድንበሩን መግፋቱም ድምፆቹን ማዛወሩም ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ፣ ሁለቱም ትንፋሻቸው መጣ። አዲሱ ሲስተም ኦስማኒ ከጀርባ ከሰካው ፍላሽ መጫን ጀመረ። ለአራት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስክሪኑ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አመጣ። ኤኔይዳ መነጽሯን አስተካክላ ልታነብ ጎንበስ ስትል ኦስማኒ እሺ የሚለውን ተጫነው።

«ምን አለ?» ብትለው፣ ሁሉንም እሺ ነው የምንለው ብሎ አለፋት።

አጠፉት፣ አበሩት፣ ተነሳ። አንድ ቅጂ ከፈቱ። ፌርሚን ከአገዳው ውስጥ ሆኖ አሥራ ሁለት ሜትር ከአርባ ብሎ ጮኸ፤ ኤኔይዳ ያኔውኑ አለቀሰች፣ ኦስማኒም ጫማውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ አራት ሰዓት ሞላና መብራት ሄደ። ኦስማኒ መጫኛ ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሳይነቅለው ተጣድፎ ሄደ፤ በማግስቱ ወደ ተራራው የአማቱን ባቄላ ሊሰበስብ ወጣ። እዚያ ስልክ አይሰራም፤ የሚመለሰውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

አራት ቀን ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ። መብራት ሄደ መጣ፣ ኮምፒውተሩም በየጊዜው ተነሳ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የፊት ለፊት ጎረቤቷ ዙሌይማ በመስኮት ብቅ አለች። የሐሙሱን ድራማ መብራት ወስዶባታል፤ የድራማዋ ልጅ አባቷን ትወቀው አትወቀው አልሰማችም፤ ይህን ሳላውቅ ብሞት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አለቻት። ድራማውን የማስቀዳበት ፍላሽ ስጪኝ ማለቷ ነው። ኤኔይዳ ኮምፒውተሩ እንደበራ ከጀርባው የተሰካውን ነቅላ ሰጠቻት። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፣ መሥራቱን ቀጠለ። የኦስማኒ እንደሆነ ነግራታለች፤ እሱም ቢሆን የዚያው ሰፈር ልጅ ነው።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ኤኔይዳ ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ አንዲት መስመር ብቻ አወጣ፤ የሚነሳ ነገር አልተገኘም ይላል። አጠፋችው፣ አበራችው። ያው ነው። ሦስተኛም ሞከረች።

መንገዱ ዳር ላይ የሳምንቱን ድራማ የሚያከፋፍለውን አማውሪን ጠራችው። አማውሪ መጣ፣ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። የመብራቱ ድንገት መሄድ ሰሌዳዋን በልቷት ይሆናል አለ። ዲስኩን ፎርማት አድርጎ በግማሽ ሰዓት አዲስ ሊጭንላት ይችላል፤ ቅጂዎቹን ግን ይርሷቸው አላት። ኤኔይዳ ደሟ ፈላ። ልርሳቸው ብል አንተን ለምን እጠራሃለሁ አለችውና፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ እስከ በር ሸኘችው።

ብቻዋን ስትቀር እንባዋ መጣ። ቆይታ ግን ወረቀትና እርሳስ አወጣች። በሥራዋ ዘመን ሁለት ልኬት አልገጥም ሲላት መሣሪያውን አትረግምም ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ምን ቦታውን ለቀቀ ብላ ነው የምትጠይቀው። ጻፈች። መብራት በአራቱ ቀን ስንት ጊዜ ሄደ? ስምንት ጊዜ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተነስቷል? ስምንቱንም ጊዜ። እንግዲህ ጥፋተኛው መብራት አይደለም። ጠረጴዛው አልተንቀሳቀሰም፣ ገመዱ እንዳለ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሳሷን አስቀመጠችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ዙሌይማ ድራማዋን ወደ ራሷ ገልብጣ ጨርሳ ፍላሹን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጥታዋለች፤ ለነገሩ ልጅቷ አባቷን አውቃዋለች። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ቤዝቦል እንዲሞላለት ወደ አማውሪ ልኮታል። አማውሪ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሞልቶ አላስገባ ሲለኝ አሁን ፎርማት አደረግኩት አላት፣ እንደ ዋዛ። ኤኔይዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«ዘበኛው እዚያ ላይ ነበር መሰለኝ» አለችው። «ቤቴ ደጃፍ ላይ መቆም የነበረበት ዘበኛ፣ ፍላሹ ላይ ቆሞ ነበር። ይዘውት ሲሄዱ በሩ ተዘጋ።»

አማውሪ ሊስቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ኦስማኒ የመጨረሻውን ጥያቄ አንብቦ እንደሆነ ጠየቃት። ሰዓት ስላጣደፈው አላነበበም አለችው። አማውሪ ግንባሩን ያዘ። መጫኛው መጨረሻ ላይ ማስነሻውን የት ልጻፍ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ካልነኩት ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፣ መጀመሪያ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ የተሰካውን ፍላሽ ነው። እሱም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጓል። የገዛ ወንድሙን ኮምፒውተር ነበር፤ ወንድሙ እስካሁን ይህን አያውቅም።

«ታዲያ ድምፁ?»

«ዲስኩ ካልተነካ አለ። እኔ ደግሞ ላጠፋልዎ ነበር» አለና ከወንበሩ ተነሳ።

የሳምንቱ ድራማና ቤዝቦል በሚመጣበት ዲስኩ ላይ የፕሮግራሞች መዝገብ አለ፤ ከዚያ መጫኛውን አውጥቶ እዚያው ፍላሽ ላይ ጻፈላት። ጫን የሚለውን እንዳትነካ፣ አድን የሚለውን እንድትመርጥ ደጋግሞ ነገራት። አብሬዎ ልምጣ ቢላት እምቢ አለችው። ይህን ራሷ በዓይኗ ማየት ፈልጋለች።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ ደረሰች። ፍላሹን ሰክታ አበራችው፣ አድን የሚለውን መረጠች። ብዙ መስመር አለፈ። ከዚያ ያገኛቸውን ዲስኮች ደረደረላት፤ ስማቸው ሁለት ሦስት ፊደል ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ኤኔይዳ ስሙን ትታ ልኩን አነበበች። የመጀመሪያው ስምንት ጊጋባይት፣ እሱ ፍላሹ ነው፤ ሁለተኛው መቶ ስልሳ። ከመቶ ስልሳው ስር ሁለት ክፍል ተዘርዝሯል፤ አንዱ ስልሳ፣ አንዱ መቶ። ኦስማኒ ድንበሩን የተከለው እዚያው ነበር፣ አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም። ሰሌዳዋ ደህና ናት። አስተካክላ ተቀመጠችና ሲስተሙ ያለበት ክፍል ስልሳው ነው አለችው።

ጥያቄው መጣ። ማስነሻው የት ይጻፍ?

ስምንቱ አስቀድሞ ተመርጦ ተቀምጧል። ኦስማኒ የተጫነው ይህንኑ ነው፣ አሁን በግልጽ ታያት፤ ተናደደችም አዘነችለትም። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ብሳሳትስ? የፌርሚን ድምፅ ላይ ብጽፍበትስ? ፈራች፣ እንደዚያ የፈራችበትን ቀን አታስታውስም። ልኩን እንደገና አነበበች። መቶ ስልሳ። ክፍሉን ሳይሆን ዲስኩን፣ ሰሌዳዋ ያለችበትን መጀመሪያውን። ወደ ታች ወረደችና ተጫነች። ተጠናቋል አለ፣ በቃ፣ ይኸው ነው።

ፍላሹን ነቅላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አጠፋችው። አበራችው። ጥቁሩ ስክሪን ቆየባት። ከዚያ ተነሳ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተች፣ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱንም ቆጠረች። ዘጠና አራተኛውን ከፈተች፣ የምትወደውን። ንፋስ፣ አገዳ፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ከዚያም ኔና እያለ የሚያቆላምጣት የፌርሚን ጩኸት፤ «ኔና፣ ችካሉን ተክያለሁ። አንቺ ብቻ እዪኝ፣ እኔ የትም አልሄድም።»

ይህን ጊዜ ዙሌይማ በመስኮት ብቅ ብላ ፍላሹ ተገኘ ወይ አለቻት፤ የዛሬው ድራማ ሊያመልጣት ነው። ኤኔይዳ ትንሽ ታገሺኝ አለቻት። የአማውሪን መጫኛ ከፍላሹ ላይ አጠፋችና ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን ድምፅ ገለበጠችበት። ድራማው ከመጫኑ በፊት እነዚህን ወደ ኮምፒውተርሽ አስገቢ፣ ፀጉር አስተካካዩም ያስገባ፣ አማውሪም፣ ከዚያ የሚቀበለውም ሁሉ አለቻት። ዙሌይማ ነገሩ ባይገባትም እሺ ብላ ወሰደችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኤኔይዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ከዙሌይማ ሳሎን አንድ ሰው ቁጥር ይጮኻል። አሥራ ሁለት ሜትር ከአርባ። ሠላሳ አራት ዓመት ስትሰማው የኖረችው ከዚያ ርቀት ላይ ነበር። አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደዚያ አየች፣ መብራት እስኪሄድ።