የሙሽሪት ፍሬን

አዋላጇ ክላክሱን ሁለቴ ጠቅ አድርጋ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

"አንተ ባለ ጭነቱ! ሰልፍ ነው እንጂ መኝታ ቤት አይደለም፤ ፈቀቅ በል!"

ከፊቷ የቆመው የጭነት መኪና ሹፌር ብንን ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ማን እንደጮኸበት ለማየት ዘወር ሲል መጀመሪያ ማንም አልታየውም። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ግን ከገዛ ጎማው እምብዛም የማትበልጥ ቀይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አየ፤ መሪዋን የጨበጠችው ሽበታም ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አፉ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥ አድርጎ ፈቀቅ አለ።

"ኧረ እትዬ፣ ሰው ይታዘበናል" አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ።

"ምን አደረግኩት? ቀሰቀስኩት እንጂ።"

ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ለአዋላጇ ግን የክት ልብስ የሚለበስበት ቀን ነው። ሙሽሪትን፣ መኪናዋን የምትጠራት እንዲህ ነው፣ ከዋዜማው ጀምራ አጥባ ወልውላ መስታወት አስመስላታለች። የገዛቻት ገና በወጣትነቷ፣ ሚስቱ "ወይ እኔን ወይ መኪናዋን" ብላ ካፋጠጠችው አንድ ኳስ ተጫዋች ላይ ነው። ሰውየው ሚስቱን መረጠ። አዋላጇ እስከ ዛሬ ድረስ ተሳስቷል ብላ ታምናለች። ከዚያ ወዲህ በዝናብም በጭቃም ምጥ ወዳለበት ቤት የከነፈችው በሙሽሪት ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላም መሪዋን ለሰው አስጨብጣ አታውቅም፤ ለእህቷም ቢሆን። ታናሽየዋ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ ዕድሜዋን የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ድመት እንኳ ገጭታ የማታውቅ ሹፌር ናት። ለእህቷ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። ሚጣ ደግሞ ሙሽሪትን አትነዳም፣ አለቀ።

ዘንድሮ ግን አዋላጇ ወደ ምርመራው የመጣችው ልቧ እንደ ወትሮው ሞልቶ አልነበረም። ባለፈው ወር ገበያው አጠገብ ብቻዋን ስትነዳ ሙሽሪት በጊዜ አልቆመችላትም። ፍሬኑን ረግጣለች፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የረገጠችው። መኪናዋ ግን የእግረኛ ማቋረጫው ውስጥ ገብታ፣ ብስክሌት እየገፋ ከሚሻገር ሰውዬ ጭን ስር ነበር የቆመችው። ሰውዬው ኮፈኑን በጥፊ መትቶ፣ "ዓይን የለሽም?" አላት። ዓይንስ አላት። እምቢ ያላት ፍሬኑ ነው።

በማግስቱ መካኒኩ የፍሬን ሸራውን ቀየረላት። አሁንም ጠነከረባትና ተመለሰች፤ የፍሬን ዘይቱን ቀየረላት። ደግማ ስትመጣበት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሲስተር፣ የዚህች መኪና ፍሬን ድሮም ጠንካራ እግር ነው የሚፈልገው፤ እንደ ዘንድሮ መኪና በትንሹ ነካ ሲያደርጉት አይዝም። ከዚህ በላይ የምሠራላት የለኝም" አላት።

"እንግዲያው ሥራህን አታውቀውም" ብላው ወጣች።

ስለ ቀኝ ጉልበቷ አልነገረችውም። ደረጃ ስትወጣ እንደ መርፌ የሚወጋት፣ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ የሌላ ሰው እግር የሚመስላት ጉልበት ነው። እሱን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሚጣማ ጭራሽ። ሚጣ ካወቀች ቁልፉን ትቀማታለች። ቁልፉ ከሄደ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ከዘራ ይገዛላታል፣ ከቤት አትውጪ ትባላለች፣ "አንቺ ቁጭ በይ" የሚላት ይበዛል። ስለዚህ ጥፋቱ የፍሬኑ ይሁን። ዛሬ ማሽኑ ይፍረድ፤ እሷው ረግጣው ፍሬኑ ካለፈ የእሷም እግር ደህና ነው።

ተራዋ ደረሰና ሚጣ ወርዳ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዋላጇ ወደ አዳራሹ ነድታ ገባች። ሰማያዊ ቱታ የለበሰው ወጣት መርማሪ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውን አንድ በአንድ አየ። የጭሱን መለኪያ ሲያነብ ቅንድቡ ከፍ አለ።

"እማማ፣ ጭሷ እኮ ከአዲሶቹ ይሻላል።"

"እማማ አትበለኝ።"

"ይቅርታ፣ እናቴ።"

"እሱም ያው ነው። ሲስተር በለኝ።"

"እሺ ሲስተር። አሁን ይውረዱና እኔ የፍሬን መለኪያው ላይ ላውጣት።"

"ማን? አንተ? እኔ ለገዛ እህቴ መሪ አልሰጠሁ!" መነጽሯን አውልቃ አየችው። "እኔው አወጣታለሁ፣ እኔው እረግጣለሁ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።"

መርማሪው ሳቅ ብሎ መንገዱን ለቀቀላት። የፊት ጎማዎቹ ወለሉ ውስጥ ከተቀበሩት ሮለሮች ላይ ሲያርፉ ሮለሮቹ ያሽከረክሯቸው ጀመር፤ ሙሽሪት ባለችበት ቆማ ትሮጣለች። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ የፍሬኑን ጉልበት ያሳያል። መስመሩ አረንጓዴው ድረስ ከወጣ አለፈች ማለት ነው፤ ቀዩ ላይ ከቀረ ወደቀች።

"ይርገጡ" አለ መርማሪው።

ረገጠች። መስመሩ ትንሽ ወጣና ቀዩ ላይ ቆመ።

"ጠበቅ ያድርጉት።"

ጠበቅ አደረገችው። ጉልበቷ ውስጥ እሳት ተነሳ፤ ጣቶቿ መሪው ላይ ነጡ፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስመሩ ቀዩን ጨርሶ ሳይወጣ ተመልሶ ወረደ። ሮለሮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሽከረከራሉ።

"ያንን መካኒክ ዛሬ አልምረውም!" አለች ላቧን እየጠረገች። "ወር ሙሉ አታለለኝ ማለት እኮ ነው!"

መርማሪው ወደ መስኮቷ ጎንበስ አለ። "ሲስተር፣ እስቲ አንዴ እኔ ልሞክራት?" አለ ዝግ ብሎ።

ይህችን ድምፅ ታውቃታለች። እሷም የምጥ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ከባድ ነገር ከመናገሯ በፊት የምታወጣት ድምፅ ይህችው ነበረች። ልቧ ድንግጥ አለ። በሩን ተደግፋ፣ ግራ እግሯን አስቀድማ ወረደች።

መርማሪው ረጅም ነው፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር እስኪደርስ ተጣጥፎ ገባ። ረገጠ። መስመሩ ቀዩን ጥሎ አረንጓዴው ላይ ወጣ፤ ሮለሮቹ አቃስተው ቀጥ አሉ።

አዋላጇ ሰሌዳውን እያየች ቆመች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ወር ሙሉ ዳውላውን ስትደበድብ ከርማለች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ያ ብስክሌት የሚገፋው ሰውዬ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

"ፍሬኗ እንደ አዲስ ነው። አልፋለች" አለ መርማሪው ከመኪናዋ እየወጣ። ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም።

"ሹፌሯስ?"

"እሱ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ሲስተር። እኛ የምናየው መኪናውን ነው።" የዓመቱን ቦሎ አቀበላትና፣ "እናቴ ቢሆኑ ኖሮ ግን ቁልፉን እደብቅብዎት ነበር" አላት።

"ይኸው፣ እናቴ አልክ ደግሞ!" አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት።

ወደ ግቢው ቀስ ብላ ነድታ ስትወጣ ሚጣ ከአግዳሚው ብድግ አለች። "አለፈች?"

"ተጠራጥረሽ ነበር?" አዋላጇ ቦሎውን ሰጠቻትና ከመኪናዋ ወረደች። ሚጣ ልጅ ይመስል አጨበጨበች፤ ቦሎውን መስታወቱ ላይ በጥንቃቄ ለጠፈች፤ በመዳፏም ደጋግማ ዳበሰችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ቀኙ በር ዞረች።

የሚያውቅ ማንም የለም። መርማሪው የሚቀጥለውን መኪና ጠርቷል። ቤታቸው ድረስ አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው ያለው፤ ዛሬን እንደምንም ልትነዳ ትችላለች። ነገንም ምናልባት። አዋላጇ ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ጨበጠች። ለስንቷ ሴት፣ "አቅምሽ አልቋል፤ አሁን እኛ እናግዝሽ" ብላለች። ሲነገራት እንዲህ እንደሚያም ግን አላወቀችም ነበር።

"ሚጣ" አለች። "አልፋለች። የወደቅኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ጉልበቴ ፍሬኑን አይችለውም። ባለፈው ወር ሰው ልገጭ ነበር።"

ሚጣ እጇን ከበሩ ላይ አነሳች። ፊቷ ቀላ። "ወር ሙሉ? እኔን አጠገብሽ እያስቀመጥሽ? እትዬ፣ ሰው ብትገድዪስ ኖሮ? አንቺስ ብትሞቺብኝ?" ድምፅዋ ተሰበረ።

"ዛሬ ስደቢኝ፤ መብትሽ ነው። እየነዳሽ ግን ስደቢኝ።" ቁልፉን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሻግራ ወረወረችላት። ሚጣ ቀለበችው።

ሚጣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ ስፖኪዮውን አስተካከለች፤ ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሽ አስገባች። ሙሽሪት አንዴም ሳትንገራገጭ ከግቢው ወጣች። አዋላጇ ስህተት ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣች። ትንሽ ተናደደች፤ ብዙ ኮራች።

ቁልቁለቱ ሥር ያለው ትምህርት ቤት ተለቋል። ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው እየተጋፉ ወደ ማቋረጫው ሲወርዱ የአዋላጇ ቀኝ እግር ሳታዘው ተነሥቶ ወለሉን በኃይል ረገጠ። ጉልበቷን ወጋት፤ እግሯ ሥር ምንጣፍ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቀና ስትል መኪናዋ ከማቋረጫው ርቃ፣ ዝም ብላ ቆማለች። ልጆቹ እያዩዋት ይሻገራሉ፤ አንዷም ለመኪናዋ እጇን አወዛወዘች።

"እትዬ፣ እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም" አለች ሚጣ።

"አውቃለሁ።" አዋላጇ ያንን እግር በሁለት እጆቿ አንስታ ግራው ላይ አነባበረችውና ወደ መቀመጫዋ ተደገፈች። "ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን። ብቻ እኔን ሳትይዢ የትም እንዳትሄጂ።"